ያልተቆረጠው ለቅሶ

ልጆቹ መጥተው «እማማ ሽታዬ፣ ስለ መምህር ይርጋ የሚያውቁትን ይንገሩን» ሲሉኝ መጀመሪያ እንዝርቴን ነው ያነሣሁት። ማረፉን የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነበር። አገሩ ገብቶ መታመሙን እንኳ አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ ልጆች ፎቶውን ከክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይኑር ብለው አሰቡ። እሱ እዚህ ሲያስተምር አብዛኞቹ ገና ጥርሳቸውን ያልጨረሱ ነበሩ። «እርስዎ የመጀመሪያው ፊልም ላይ አሉበት፤ ሌላ ማንን እንጠይቅ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ አለሁበት። እንዲያውም ሞቼበታለሁ።

እኔ የትምህርት ቤትን ደጁን እንጂ ውስጡን ሳላውቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ዓለም ትጽፋለች። ዓለም የመምህር ይርጋ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ሞላሌ ከተማ ላይ የሰው ሠርግ እየቀረጸች፣ እየቆራረጠችና እየቀጠለች በሥራዋ የምትተዳደር ሴት ናት። መቁረጥ ለምዳለችና «የኔን ነገር እንዳትቆርጪብኝ» ብዬ ቃል አስገብቻታለሁ። እጄ ሱፍ ካልያዘ አፌ አይፈታም፤ እንዝርቴንም ይዤ ተቀምጫለሁ።

መምህር ይርጋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁሉን ነገር አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። አገሩ ከዓባይ ማዶ ነው። ኮምፒዩተር ሊያስተምር ተልኮ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ያለው የሚሠራ ኮምፒዩተር አንድ ነበር፤ ካሜራም አንድ። ብርዳችንን ጨርሶ አልቻለውም። ሁለት ኮት ደርቦ ይለብሳል፤ ልጆቹም «ቲቸር ዛሬ ሁለት ሆኖ መጣ» ይሉታል። አይቆጣም። እሱም መልሶ «ሦስተኛው እቤት ተኝቷል፣ ከብርዱ የተነሣ አልወጣም አለኝ» ይላቸዋል።

እኔንና እሱን ያስተዋወቀን ያው ብርዱ ነው። ዓለም «አያቴ የምትፈትለው ሱፍ ነው» ብላው ኖሮ፣ ባና፣ ያን የኛን የሱፍ ልብስ፣ ፍለጋ መጣ። ያዋስኩትን ባና ተቀብሎ አልለበሰውም፤ ጠርዙን ይዞ ወደ ብርሃን አወጣው።

«ይህን ማን ፈተለው?»

«እኔ። የሸመነው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎት?»

«ከመስቀል እስከ ጥምቀት። ያውም ዓይኔ ደኅና ሳለ።»

አንገቱን አዘነበለና ጠርዙን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ዓለምን ጠራና «ፊልም ምን ላይ እንሥራ እያላችሁ ስትጨቃጨቁ አልነበር? እቤትሽ ተቀምጦልሽ አይደለም ወይ?» አላት።

ፊልሙ እንዲህ ተጀመረ። ታሪኩን የጻፉት ልጆቹ ናቸው። አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ርቆ ሄዷል። ሲመለስ የሚለብሰውን ባና እየፈተለች ትጠብቀዋለች። እናቲቱን እኔ ልሆን፣ ልጁን ክንፌ የሚባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን፣ ካሜራውን ዓለም ልትይዝ ተስማሙ። በዚህ ዕድሜዬ ለፍትሐቴ ዳዊት ደጋሚ ያጨኝ እንደሆን እንጂ ካሜራ ያጨኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። የፊልም ክበቡ ክፍል ድሮ የተሰበረ ዴስክ የሚጣልበት ዕቃ ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ለመምህር ይርጋ ሲሰጡት «እስከ ወላጆች ቀን ነው። ያን ቀን የሚታይ ነገር ካላቀረባችሁ፣ ወይም ወላጅ ካጉረመረመ፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ቢሮ ይመለሳል፤ ክፍሉም ዕቃ ቤት ይሆናል» ብለውታል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ አቶ ደምሰው ናቸው፤ ከቤቴ ፊት ካለው ገደል ማዶ የሚኖሩ፣ የዚያ አገር እድር ዳኛም እሳቸው። «ልጅ የላክነው ሊማር ነው እንጂ በመስተዋት ውስጥ ሰው ሲያይ ሊውል አይደለም» ሲሉ የሰማቸው ብዙ ነው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ዓለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታወራው ስለዚያች ክፍል ብቻ ነበርና፣ ብትዘጋ ምን እንደምትሆን አስቤ እፈራ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ ስፈትል ቀረጹኝ። እንዲያው ብዙ ተናገርኩ፣ ያማረ ነገር የተናገርኩ መሰለኝ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፍቱት አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ነፋስ ብቻ። ሁሁሁ ይላል፣ ልክ የነሐሴ ወንዝ። መምህር ይርጋ ማይኩን በመሐረብ ጠቀለለው፤ ነፋሱ አልሰማውም። በአንገት ልብሱ ጠቀለለው፤ ያው ነው። ሦስት ቀን ተለፋ። ልጆቹ ቤት ውስጥ እንቅረጽ ማለት ጀመሩ፤ ቤቴ ደግሞ ጨለማ ነው።

«ይህ የመንዝ ነፋስ በመሐረብ የሚመለስ ይመስላችኋል?» አልኳቸው። «በጉ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያድረው ምን ለብሶ ነው?»

ያልተባዘተ የጠቦት ሱፍ አነሣሁና በወፍራም ክር እየሰፋሁ ለማይኩ ቆብ አበጀሁለት። ጠጉሩ ወደ ውጭ፣ ጥቁር፣ ጭብርር ያለ። ልጆቹ ሲያዩት በሳቅ ፈረሱ፤ ስሙንም ወዲያው «ጠቦቱ» አሉት። መምህር ይርጋ አልሳቀም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቋጥኙ ላይ ወጣ፤ አንገቱን አዘነበለ። ከዚያ መጥቶ ማዳመጫውን እኔ ጆሮ ላይ ደፋው። ምን ልበላችሁ፤ ዶሮዬ ስትራመድ ሰማሁ። እንዝርቴ ሲሾር ሰማሁ። ዓለም አጠገቤ ቆማ ስትተነፍስ ሰማሁ። ነፋሱ ሩቅ ቦታ ሄዶ እንደ ሰው ተቀምጧል።

ወደ ልጆቹ ዞረና «ደብተር አውጡ። ይህን እኔ አላስተማርኳችሁም፤ መጽሐፍም የለኝም። እማማ ሽታዬ ናቸው ያስተማሩን። ጻፉት» አላቸው። ጻፉት። አንድ ፊደል ያልቆጠርኩት ሴትዮ፣ በሃያ ልጅ ደብተር ተጻፍኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስገባ ጎንበስ ብዬ የምገባበትን በር ቀና ብዬ ብገባ ግንባሬን መታኝ። ጠቦቱ ዛሬም ከዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ብል እንዳይበላው በየዓመቱ እኔ ነኝ የማራግፈው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አዋርጄያቸዋለሁ፣ እሱንም ልናገር። አንድ ቀን ከደጅ ወደ ቤት ስገባ ቀረጹኝ፤ መሸባቸውና የቤት ውስጡ ለነገ ተባለ። በነጋታው እኔ፣ ዛሬ ልቀረጽ ነው ብዬ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ የጥምቀት ቀሚሴን ለብሼ ጠበቅኋቸው። ማን ይከልክለኝ? እነሱም አላስተዋሉም፤ ቀረጹ። ኋላ ሁለቱን አገጣጥመው ሲያዩት፣ በበሩ የምትገባው አንዲት አሮጊት ናት፤ ውስጥ የምትገኘው ሌላ፣ ሙሽራ የመሰለች። ክንፌ «እማማ፣ በሩ ላይ ጠበል አለ እንዴ?» አለኝ። መምህር ይርጋ ያን ጊዜ ነው በደንብ ሲስቅ ያየሁት። «ለካሜራ አንድ በር ማለፍ አንድ ትንፋሽ ነው፣ እማማ። እኛ ሁለት ቀን ብንፈጅበትም፣ ለሚያየው ሰው አንድ ትንፋሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልብሴ፣ ሻሼ፣ የእንዝርቱ ክር ምን ያህል እንደደረሰ ሁሉ ዓለም በደብተር ትይዝ ጀመር።

በሥራው ላይ ጨካኝ ነበር። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ለፍተው የቀረጹትን ያይና «ይህ ይውጣ» ይላል። «ቲቸር፣ ለዚህ እኮ ገደል ወርደናል» ሲሉት «ገደሉ አይታይም፣ ይውጣ» ነው መልሱ። «የቀረጻችሁትን አትውደዱ» ይላል። ሥዕሉን ሲያይ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ከበሮ። መምታቱን ካላቆመ ያ ሥዕል ይወጣል። ጣቱ በድንገት ከቆመ፣ እዚያ ቦታ ማንም መቀስ አያስገባም። ልጆቹ ሥዕሉን ትተው ጣቱን ማየት ለመዱ። «ዓይን ሲሰለች ቁረጡ፤ ልብ ሲያዳምጥ ተዉ» የምትለው አባባል የሱ ናት። ዓለም ዛሬም ለሙሽሮች ትላታለች፤ እነሱ ግን ሁሉም ይግባልን ነው የሚሉት።

የታሪኩ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ልጁ እናቱ በሕይወት ሳለች ይድረስ አሉ። ግማሾቹ ተቀብራ ያግኛት አሉ። ቀናት ተከራከሩ፣ ሊጣሉም ደረሱ፣ መምህር ይርጋ አልገባባቸውም። በመጨረሻ የወላጆች ቀን ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ነው የተናገረው። አርብ ዕለት ራሴን አሞኛል ብሎ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልንቀርጽ ቤቴ ደጅ ስንሰበሰብ፣ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። ክንፌ «ቲቸር፣ ይድረስ ወይስ አይድረስ?» ሲለው መሬት መሬት እያየ «ሁልጊዜ አይደረስም» አለ። በቃ፣ እናቲቱ እንድትሞት ተወሰነ።

ለቅሶ ሊቀረጽ ነው። አልቃሽ ያስፈልጋል። በዚህ አገር ደግሞ አልቃሽ ሲባል ሰው የሚጠራው እኔን ነው።

«ታዲያ ሟቿም እኔ፣ አልቃሿም እኔ?» አልኩት።

«ከጀርባዎ ነው የምንቀርጽዎት፣ እማማ። ነጠላውን ይከናነባሉ፤ የሚያይ ሰው ሌላ ሴት ይመስሉታል።»

«ሰው ባይለየኝ እግዜር ይለየኛል። ለራሴ በራሴ ስም አላለቅስም፣ ሟርት ነው። ስም ስጠኝ።»

እኔም እንደ ሥራ ቆጥሬው ቀጠልኩ፤ «ስም ብቻ አይደለም። አልቃሽ በባዶ አያለቅስም። ምን ሠርታ ኖረች? አመሏ ምን ነበር? ማንን ትታ ሄደች?»

«ብርቅነሽ ይበሏት» አለኝ።

«እሺ፣ ብርቅነሽ። ምን ትሠራለች?»

«ጌሾ ትነግዳለች። አንዲት አህያ አለቻት፤ ከሰው ይልቅ ከሷ ጋር ታወራለች። እጇ ሁልጊዜ ጌሾ ጌሾ ይላል። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት አሳድጋለች፤ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጇ መንገድ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ትቆምና ‹ዞረህ አትየኝ› ትለዋለች። ዞሮ ያየ አይመለስም ብላ ነው።»

እንዴት ያለ ልብ ወለድ ያውቃል አልኩ በልቤ። ዓለም ደብተር ከፍታ ጻፈችው። እኔ ነጠላዬን ተከናነብኩ።

የቤቴን ጎረቤቶች እሱ ራሱ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። መጨረሻው ገና ባይወሰንም፣ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ «ቅዳሜ የፊልም ለቅሶ ሊሰማ ይችላልና እንዳትደነግጡ» ብሏል። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ ያሉት ሰዎች የሚያስቀድሱት ሌላ ደብር ነው። አልሰሙም። እኛ ደግሞ፣ የአገሩ ሰዎች፣ ድምፅ ገደል እንደሚሻገር እያወቅን አላሰብነውም። ማዶ ያለ ሰው ተጣርቶ በሬ የሚያዋውስበት አገር ነው እኮ።

ጀመርኩ።

ጌሾ ነጋዴዋ፣ ገበያው ደመቀ፤
አህያሽ ብቻዋን፣ ጭነቷ ወደቀ።

ዞረህም አትየኝ ብለሽ የሸኘሽው፤
ዛሬ ዞሮ መጣ፣ ምነው ያላየሽው።

መቼም ለቅሶ አንዴ ከያዘ የፊልም ነው የእውነት ነው አይልም። የባሌ መጣብኝ፣ የእናቴ መጣብኝ። የጎረቤት ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ስንት እንደቆየን አላውቅም። ድንገት ከበስተጀርባዬ የወንድ እሪታ ሰማሁ። ቀና ብል አገር እየመጣ ነው። ገደሉን ወርደው፣ ወጥተው፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ንፍሮ የተሸከመች አለች፣ የእድር ድንኳን የተሸከመ አለ። ከፊት ከፊት አቶ ደምሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እየሮጡና እያለቀሱ። ለማን እንደሚያለቅሱ አያውቁም። ሽታዬ ሰው ሞቶባታል፣ ያ ይበቃል።

ዶማና አካፋ የያዙ ሁለት ጎልማሶች ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ። «የት ነው የምንቆፍረው?» አለ አንደኛው።

ክንፌ ሊመልስ ሞከረ። «ጋሼ፣ ማንም አልሞተም። ለትምህርት ቤት ነው።»

«ታዲያ ይህን ዶማ ምን አድርጌ ልመለስ? ለመቃብር የወጣ ዶማ አፈር ሳይነካ አይገባም።» እውነት ነው፣ አይገባም። ኋላ የድንች ጓሮዬን ቆፍሮልኝ ሄደ።

ግን ያን ጊዜ የሚሳቅ አልነበረም። ሰዉ ነገሩን ሲረዳ ለቅሶው ወደ ቁጣ ተለወጠ። አቶ ደምሰው ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። መጀመሪያ እኔን ነው ያዩኝ። «ሽታዬ፣ አንቺም?» አሉኝ። ከጅራፍ ይልቅ የምታም ቃል ናት። ቀጥለው ወደ መምህር ይርጋ ዞሩ።

«በል እንግዲህ መምህር። ንፍሮው መጥቷል፣ ተመልሶ አይሄድም። ለቀስተኛው መጥቷል። ሬሳ ብቻ ነው የጠፋው። ለማን ነው ‹እግዜር ያጽናህ› ብለን የምንቀመጠው?»

መምህር ይርጋ ከቤቴ ግድግዳ ሥር፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ሰሌን ላይ፣ ሄዶ ቁጭ አለ።

«ለኔ በሉኝ» አለ።

ከሰዉ መካከል ሳቅ ያመለጠው ነበር። ድፍረቱ ነው ያሳቃቸው። ቁጣውም በረድ አለ። አንዱ፣ እየተሳለቀ፣ ቀረበና «እግዜር ያጽናህ» አለው። መምህር ይርጋ ብድግ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሁለተኛውም መጣ። ሦስተኛዋም። እያንዳንዱ ሲመጣ ይነሣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይቀመጣል። አንድም ጊዜ አልሳቀም። ልጆቹ በኋላ «ቲቸር አክተር መሆን ነበረበት» ይሉ ነበር። እኔም ብያለሁ።

ንፍሮው ተበልቶ ሲያበቃ አቶ ደምሰው ፈረዱ። «በሐሰት የተለቀሰ ለቅሶ የእውነት ሬሳ ይጠራል። ያ የቀረጻችሁት ይጥፋ።»

መምህር ይርጋ ትልቅ ሰው የተናገረውን የማይመልስ ልጅ ነበር። ያን ቀን መለሰ። «ጋሼ ደምሰው፣ የሦስት ወር ሥራችንን አጥፋ ቢሉኝ፣ ሁሉንም አጠፋለሁ። ይህን ግን አላጠፋም።»

«ለምን?»

«አልችልም።» ሌላ ምክንያት አልሰጠም። የቀረጻችሁትን አትውደዱ የሚለው ሰውዬ።

የክፍሏ ነገር እዚያው እያየሁት ሊያበቃ ሲል እኔ ገባሁ። «ደምሰው፣ አንተ ዳኛ ነህ። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ አለ? በወላጆች ቀን እየው። አይተህ ፍረድ።»

ብዙ አሰቡ። «አያለሁ። ካልወደድኩት ግን ለቅሶውም ይጠፋል፣ ክፍሉም ይዘጋል። ያኔ ደግሞ አንቺም አትለምኚኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዝርቴን ይዤ እየሄድኩ ከኮምፒዩተሩ ክፍል እቀመጥ ጀመር። የተቀረጸው ሁሉ በመስታወቱ ላይ እንደ ተቆራረጠ መቀነት ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይታያል፤ ዓለም አንዱን ታነሣለች፣ ታሳጥራለች፣ ከሌላው ታስጠጋለች። መብራት ሲጠፋ የሠሩት አብሮ ይጠፋል፤ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ተፈትሎ ያለቀ ክር ሲበጠስ ያለቀስኩበት ጊዜ አለና ልጆቹን «በርቱ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ይቀጥናል» እላቸዋለሁ። የለቅሶው ቦታ ሲደርስ ሁላችንም የመምህር ይርጋን ጣት አየን። ጣቱ አልተነሣም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጉልበቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ዓለም «ቲቸር፣ ረዝሟል፣ ከየት ልቁረጠው?» አለችው። «እንዳለ ተዪው» አላት። ተማሪዎቹ ተያዩ።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። ልጁ ዳገቱን ይወጣል፣ ቤቱን ያያል፣ ከዚያ ነው ለቅሶ የሚሰማው። «ይህ የኛ አገር ለቅሶ አይደለም» አልኩ። «እኛ ለቅሶ አናይም፣ እንሰማለን። መንገድ ላይ ሳለህ ጆሮህን ይይዝሃል፤ የማን ቤት ይሆን እያልክ፣ የኔ አይሁን እያልክ ነው የምትሄደው።» መምህር ይርጋ ወንበሩን አዙሮ አየኝ። ከዚያ ለዓለም አሳያት፤ ለካ ድምፁን ከሥዕሉ መንጥቆ ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። ድምፄን ጎትተው ክንፌ ገና ወንዙን ሲሻገር አስገቡት። ልጁ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ጠቦቱን ከሠራሁበት ቀን ይልቅ የኮራሁት ያን ቀን ነው።

የወላጆች ቀን ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ አዳራሹ ደግሞ መጋረጃ አልነበረውም። ሰዉ የለበሰውን ባናና ዝተት እያወጣ መስኮቶቹን ደፈነ። ግድግዳው ላይ በተወጠረው አቡጀዲ ፊልሙ በራ። እኔ ስፈትል ሰዉ ሳቀ፤ «ሽታዬ፣ ከለበስሽው ቀሚስ የተሻለ የለሽም?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክንፌ ወንዙን መሻገር ጀመረ። ድምፄ መጣ፣ ከሩቅ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንዶች አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም።

ከዚያ እነሱ መጡ። ዓለም፣ የኔ ጉድ፣ ያን ቅዳሜ ካሜራውን ጨርሶ አላጠፋችውም ነበር። ገደሉን ሲወጡ፣ ንፍሮው፣ ድንኳኑ፣ ዶማው፣ ከፊት አቶ ደምሰው እየሮጡ እያለቀሱ። ሁሉም አለ። ሰዉ ራሱን አየ፤ ራሱን እያየ እንደገና አለቀሰ።

ሲያበቃ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ደምሰው ዞሩ። አቶ ደምሰው ቆባቸውን እያሻሹ ተነሡ።

«እኔ ሮጬ ስሄድ ራሴን አይቼ አላውቅም» አሉ። «ስሟን ለማላውቃት ሴት፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ገደል ወርጄ መውጣቴን ዛሬ አየሁ። የኛ ሰው እንዲህ ነው ለካ። ይህን የምትቆርጡ እንደሆነ እኔን ነው የምትቆርጡት።» ቁጭ ካሉ በኋላ ደግሞ ተነሡ። «ክፍሉም አይነካ። ደጃፉ ግን ቀለም ይቀባ፣ ያስጠላል።»

ክፍሏ ዛሬም አለች። እናንተ የተቀመጣችሁባት ናት።

መምህር ይርጋ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተምሮ ወደ አገሩ ተዛወረ። ባናውን መርቄ ሰጠሁት። ሞላሌ መናኸሪያ ልጆቹ ሁሉ ሊሸኙት ወጡ፤ እጃቸውን እያውለበለቡ በስሙ ተጣሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ሄደ። ዓለም አኩርፋ ነው የተመለሰችው። «ዞሮ እንኳ አላየንም» አለችኝ።

አሁን ለልጆቹ ያልነገርኳቸውን ልናገር። ለዓለምም ገና አልነገርኳትም፤ ይህን ስትጽፍ መስማቷ ነው።

ልጆቹ ከጠየቁኝ በኋላ፣ ያረፈበት ወሬ በደረሰን በወሩ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቤቴን ጠይቃ መጣች። ሁለት ቀን ተጉዛለች። ቀጭን፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ያለ። ሳትነግረኝ አወቅኋት። እህቱ ናት። ያ ፊልም ትምህርት ቤት እንዳለ ነግረዋት፣ ቅጂውን ልትወስድ ነው የመጣችው።

«የሱን መልክ ፈልገሽ ከሆነ የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ አይታይበትም፤ የቀረጸው ነው» አልኳት።

«የሱን አይደለም የምፈልገው፣ እማማ። የእናታችንን ለቅሶ ነው።»

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

እናታቸው ስትሞት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ባረፈችበት ሐሙስ እህቱ ደወለችለት፤ ሊመጣ አልቻለም። ዘመኑ ክፉ ስለነበር ጥቂት ሆነው፣ ድምፅ ሳያወጡ ቀበሯት። አንድ አልቃሽ አልቆመላትም። እሑድ ስልክ ሲያገኙት «አትዘኑ፤ እዚህ አገር ወጥቶ አልቅሶላታል» አላቸው። ሐዘን አእምሮውን ነክቶት ነው ብለው ዝም አሉት። ኖሮ ኖሮ፣ ሊሞት ሲል፣ ስለ ፊልሙ ነገራት።

«እናትሽ ማን ትባል ነበር?» አልኳት፤ እያወቅኩት ጠየቅኋት።

«ብርቅነሽ» አለችኝ። «ጌሾ ትነግድ ነበር።»

ያ ቅዳሜ ሣልስቷ ነበር።